ያልተመረመረው አእምሮ፦ ሱስ፣ ጥፋትና የማገናዘብ ጉዳት ከሉማሜ እስከ ደብረ ማርቆስ

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 51 ለዳኛው ጥብቅ ግዴታ ይሰጣል። ተከሳሹ የአእምሮ መታወክ ወይም የሚጥል በሽታ ምልክት ከታየበት፣ መስማትና መናገር የተሳነው ከሆነ፣ ወይም በአልኮል አለዚያም በአደንዛዥ ዕፅ ሥር የሰደደ መመረዝ ካለበት፣ ፍርድ ቤቱ ስለ ኃላፊነቱ የባለሙያ ማስረጃ መቀበል አለበት። ድንጋጌው በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ውስጥ ነበረ። ዓመታት ሲጠጣ የኖረ ሰው አእምሮው ሊጎዳ እንደሚችል ሕጋችን ካወቀ እንግዲህ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጎድሎ የቆየው ሕጉ ለሚያነሣው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ባለሙያና መመዘኛ ነው።

ጉድለቱ ከአዲስ አበባ በራቁ ከተሞች ይጎላል። ሉማሜ የአዋበል ወረዳ መቀመጫ ናት፤ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ በደጀን በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ሁሉ ያልፍባታል። እዚህ አንድ ሰው ሰክሮ ጎረቤቱን ቢፈነክት የሚይዘው የወረዳው ፖሊስ ነው። ቀላል ጉዳይ በወረዳው ፍርድ ቤት ያልቃል፤ ነፍስ ከጠፋ ክሱ ወደ ምሥራቅ ጎጃም ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ተጎጂው በሉማሜ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ይታከማል፤ ከባድ ከሆነ ወደ ደብረ ማርቆስ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይላካል። ፍርዱ ሲረዝም የአጥፊው መንገድ ወደ ማረሚያ ቤት ነው። በዚህ ሁሉ ጉዞ ሰውየው የሚነገረውን ይይዝ እንደሆነ፣ ያለፈውን በትክክል ያስታውስ እንደሆነ፣ ራሱን መግታት ይችል እንደሆነ መመዘን በአገራችን የተለመደ አሠራር አይደለም። ይህ ዳሰሳ ሱስ፣ ጥፋትና የማገናዘብ ጉዳት የሚገናኙበትን ቦታ ያያል፤ መንስኤዎቹን፣ ያሉትን ጥናቶች፣ የሕጉን አቋምና አሁን ባለን አቅም ሊደረግ የሚችለውን ይቃኛል።

የሚጎዳው የትኛው ችሎታ ነው?

የማገናዘብ ጉዳት ያለበት ሰው የግድ ዕብድ አይደለም፤ ከልደቱ ጀምሮ የአእምሮ ዕድገቱ የዘገየም ላይሆን ይችላል። ሰላምታ አያሳጥርም፣ የዘመድ ሐረግ ይቆጥራል፣ ገበያ ወጥቶ ስለ ጤፍ ዋጋ ይከራከራል። የሚከብደው ሌላ ነው፤ ዛሬ የሰማውን ነገ ማስታወስ፣ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ በልቡ መያዝ፣ የጀመረውን መሃል ላይ ማቆም፣ ያላዋጣውን መንገድ ትቶ ሌላ መሞከር፣ የዛሬው ሥራው ከወር በኋላ የሚያመጣበትን አስቀድሞ ማየት። እነዚህን ችሎታዎች በዋናነት የሚመራው ከግንባር በስተኋላ ያለው የአንጎል ክፍል ነው። የረጅም ጊዜ መጠጥም ሆነ የጭንቅላት ምት አብዝተው የሚጎዱት ይህንኑ ክፍል ነው።

ከውጭ ለሚያይ ጉዳቱ የጠባይ ብልሽት ይመስላል። ቀጠሮ ሲረሳ ንቀት ነው ይባላል፤ አልጠጣም ብሎ ለንስሐ አባቱ የገባውን ቃል በሳምንቱ ሲያፈርስ ከሃዲ ይባላል፤ ታስሮ ወጥቶ እንደገና ሲያጠፋ ደንዳና ይባላል። እርግጥ ንቀትም፣ ክህደትም፣ ደንዳናነትም በሰው ውስጥ አሉ። ሳይመረመር ግን የትኛው የጠባይ፣ የትኛው የጉዳት እንደሆነ መለየት አይቻልም።

አረቄና አንጎል

በጎጃም ደጋ አረቄ የብርድ መከላከያም፣ የእንግዳ ማስተናገጃም፣ የብዙ ሴቶች መተዳደሪያም ነው። ከጌሾ፣ ከብቅልና ከእህል የተዘጋጀው ድፍድፍ እሳት ላይ ይጣዳል፤ እንፋሎቱ በቧንቧ አልፎ በውሃ በሚቀዘቅዝ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል። ቀደም ሲል በተደረጉ ልኬቶች አንዴ የወጣው ተራ አረቄ በአማካይ 34 በመቶ ገደማ፣ እንደገና የሚወጣው ዳግም አረቄ ደግሞ 46 በመቶ ገደማ አልኮል ይይዛል። ጠላ ብዙውን ጊዜ ከ8 በመቶ አያልፍም። የቤት አረቄ ጠርሙስ ላይ የአልኮል መጠን አይጻፍም፤ ስለዚህ ጠጪው ለሐኪም “በቀን አምስት መለኪያ” ቢል እንኳ ወደ ሰውነቱ የገባውን አልኮል በትክክል ማስላት ያስቸግራል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መሸጥንም ከለከለ። አዋጁ በፋብሪካ መጠጥ ላይ የሚታይ ለውጥ አምጥቷል። የመንደር አረቄ ግን ማስታወቂያ አያሻውም፤ ሻጯና ገዢው ስም ለስም ይተዋወቃሉ።

አልኮል አንጎልን የሚጎዳው በሁለት በኩል ነው። አንዱ ራሱ አልኮሉ በአንጎል ሕዋሳትና በሚያገናኟቸው መስመሮች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ሁለተኛው የምግብ ጉድለት ነው። በባዶ ሆዱ መጠጣት የጀመረ ሰው እህል እየተወ ይሄዳል፤ አልኮሉም በበኩሉ ታያሚን የሚባለው ቫይታሚን ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ያውካል። ሰውነት ያለው የታያሚን ክምችት ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በላይ አይዘልቅም። ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቬርኒከ እ.ኤ.አ. በ1881 የገለጸው ድንገተኛ ሕመም የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ሰውየው ይምታታበታል፣ ዐይኑ እንደ ልብ አይንቀሳቀስም፣ እርምጃው ይዛባል። ቶሎ ካልታከመ ብዙውን ጊዜ ሩሲያዊው ሰርጌይ ኮርሳኮፍ እ.ኤ.አ. በ1887 የጻፈበት በቀላሉ የማይድን የመርሳት በሽታ ይከተላል። የኮርሳኮፍ ሕመምተኛ አዲስ ነገር መያዝ ያቅተዋል፤ የጎደለውን ትዝታ ደግሞ ለማታለል ሳያስብ በሌላ ታሪክ ይሞላዋል።

ይህ ሕመም ሐኪምንም ያመልጣል። በአውስትራሊያ ክላይቭ ሃርፐርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ጥናት፣ ከሞት በኋላ በተደረገ የአንጎል ምርመራ ከተገኙት 131 ሕመምተኞች መካከል በሕይወት ሳሉ በሽታቸው የታወቀላቸው 20 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሦስቱ ምልክቶች አብረው የሚታዩት በጥቂቶች ላይ ሲሆን፣ የተቀሩት “ሰክሮ ነው” ተብለው ሊታለፉ ይችላሉ። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የዳቦ ዱቄት ታያሚን እንዲጨመርበት በሕግ አስገድዳለች። የጤፍ እንጀራ በሚበላበት፣ እህሉም በሰፈር ወፍጮ በሚፈጭበት አገር ይህ መንገድ ሩቅ አያደርስም፤ ቫይታሚኑ በጤና ጣቢያ በኩል ለሕመምተኛው መድረስ ይኖርበታል።

ተስፋ የሚሰጥም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የ62 ጥናቶች ድምር ትንተና እንዳሳየው፣ መጠጥ ባቆሙ ሰዎች ላይ የማገናዘብ ድክመቱ በብዙ ዘርፎች እስከ አንድ ዓመት ገደማ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ግን በጉልህ ይቀንሳል። ሁለት ነገር እንማርበታለን። የአብዛኛው ጠጪ አንጎል ጊዜ ከተሰጠው ያገግማል። በሌላ በኩል፣ መጠጥ ባቆመ በሁለተኛው ሳምንት ረጅም ምክር የሚሰጠው ሰው ምክሩን የሚይዝበት አቅሙ ገና አልተመለሰም።

ጫት፣ ጨብሲና ጉዳቱን የመለየት ችግር

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ አነቃቂ ነው። በኔዘርላንድስ ሎሬንዛ ኮልዛቶና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ ለረጅም ጊዜ የቃሙ ሰዎች ከማይቅሙ አቻዎቻቸው ይልቅ የጀመሩትን ድርጊት በመግታት፣ ሐሳብን ከአንዱ ወደ ሌላው በመቀየርና በአእምሮ ይዞ በመሥራት ደክመው ተገኝተዋል። የተጠኑት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ጥናቶቹም ሰዎቹ መቃም ከመጀመራቸው በፊት ምን እንደነበሩ አያሳዩም። አስቀድሞ ራሱን ለመግታት የሚቸገር ወጣት ወደ ጫት የመሳብ ዕድሉ ሰፊ ሊሆን ይችላል።

በከተሞቻችን ሱሶቹ ብቻቸውን አይመጡም። ከምርቃና ለመውረድ ጨብሲ የሚጠጣው ሰው ጫቱንም አልኮሉንም በአንድ ቀን ያገናኛል፤ ሲጋራና የእንቅልፍ እጦት ይጨመሩበታል። እንዲህ ባለው ሰው ላይ የትኛው የትኛውን እንደጎዳው መነጠል ለተመራማሪ ከባድ ነው። ለሚረዳው ሰው ግን መነጠሉ የግድ አይደለም፤ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሰውየው ምን ማድረግ እንደሚያቅተው ማወቅ ነው።

ዱላ፣ መንገድና የሚጥል በሽታ

በሱስና በጥፋት መካከል ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሦስተኛ ነገር የጭንቅላት ምት ነው። በገጠሩ ጎጃም ወንድ ልጅ ያለ ዱላ መንገድ አይወጣም፤ የሰርግና የበዓል ጠብም የሚያርፈው አናት ላይ ነው። በዋናው መንገድ ዳር ያሉ ከተሞች ደግሞ የመኪናና የባጃጅ አደጋ ያውቃሉ። የሚፈነከተው ጠጪ ነው፣ የሚፈነክተውም ጠጪ ነው፤ የዛሬው ተጎጂ በሌላ ቀን ተከሳሽ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ቁስሉ ተሰፍቶ ከዳነ በኋላ ራሱን ስቶ እንደነበር፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሳተ የሚያስታውስ መዝገብ እምብዛም አይኖርም።

ከሌሎች አገሮች የተሰበሰበው ማስረጃ ጠንከር ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የጥናቶች ድምር ትንተና ከእስረኞች 60 በመቶ ገደማ በሕይወታቸው የአንጎል ጉዳት ታሪክ እንዳላቸው ገምቷል። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ ሂው ዊሊያምስና ባልደረቦቹ በአንድ እስር ቤት ባደረጉት ጥናት ውጤቱ ለዚህ የቀረበ ነበር። ቁጥሩ ብቻውን ግን ምት ወንጀል ይወልዳል አያሰኝም፤ ድህነት፣ መጠጥና ጠበኛ አካባቢ ሁለቱንም ሊያመጡ ይችላሉና።

ይህን ለመፈተሽ ሲና ፋዜልና ባልደረቦቹ የስዊድንን የጤናና የወንጀል መዝገቦች አገናኙ። እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ውጤት፣ የአንጎል ጉዳት ከደረሰባቸው ሰዎች 8.8 በመቶ ያህሉ ከዚያ በኋላ የኃይል ወንጀል ፈጽመዋል፤ በአቻዎቻቸው ዘንድ 3 በመቶ ነበር። ከገዛ ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ ልዩነቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። የሚጥል በሽታ ያለባቸው ግን ከወንድም ከእኅቶቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ ምንም ልዩነት አልታየባቸውም። ይህ ግኝት ለእኛ ትልቅ ትርጉም አለው። የሚጥል በሽታ በኢትዮጵያ ብርቅ አይደለም፤ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ጥናት ከ1,000 ሰው 5.2 ያህሉ ላይ ተገኝቷል። ሕመምተኛውን ማኅበረሰቡ ይፈራዋል፤ ማስረጃው ግን ከሌላው ሰው የበለጠ አደገኛ ነው አይልም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ልጅነት አለ። የአዮዲን እጥረት ለዘመናት የደጋውን ሕዝብ እንቅርት ሲያሲዝ ኖሯል፤ ከሚታየው እንቅርት የባሰው የልጅ አንጎል ዕድገትን መጉዳቱ ነው። ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ዛሬ በእስር ላይ ያለው ጎልማሳ ያደገው ከዚያ በፊት ነው። የልጅነት ረኃብና ትምህርት ማቋረጥም በኋላ ከሚመጣው መጠጥና ምት ጋር ይደራረባሉ።

አገራዊው ሥዕል

ኢትዮጵያ ውስጥ ሱስን፣ ጥፋትንና የማገናዘብ ጉዳትን አንድ ላይ የያዘ ሰፊ መረጃ ባይሰበሰብም ዳር ዳሩን የሚያሳዩ ጠንካራ ጥናቶች አሉ። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ በ1,500 አዋቂዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት 13.9 በመቶው የአልኮል ችግር እንዳለባቸው፣ በወንዶች ብቻ ሲታይ ቁጥሩ ወደ 26 በመቶ እንደሚጠጋ አሳይቷል። ችግሩ ካለባቸው 87 በመቶው ሕክምና አላገኙም። ወረዳው የገጠር ነው፤ አረቄውም ድህነቱም ጎጃምን ይመስላል።

ሁለተኛው በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ በሚኖሩ 217 ሰዎች የተደረገው የአበባው ፈቃዱና የባልደረቦቹ ጥናት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። 41 በመቶው ሳይኮሲስ ነበራቸው፤ 60 በመቶው አደገኛ በሆነ መጠን ወይም በጥገኝነት ደረጃ ይጠጡ ነበር። የሚጠጡት ደግሞ ጎዳና ላይ የቆዩበት ጊዜ ረዘም ያለ ነው። ከጠላ ቤት ደጃፍ ወደ ጎዳና፣ ከጎዳና ወደ ፖሊስ ጣቢያ ያለው መንገድ አጭር ነው።

ስለ እስረኞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ የወጣው የዝቅተኛና የመካከለኛ ገቢ አገሮች ጥናቶች ድምር፣ ሳይኮሲስን 6.2 በመቶ፣ ከባድ ድብርትን 16 በመቶ ገደማ አድርጎ ገምቷል። በአማራ ክልል ማረሚያ ቤቶች የተደረጉ ጥናቶችም ድብርትንና ጭንቀትን ነው በብዛት የጠየቁት። ሁለቱ በመጠይቅ ይገኛሉ፤ ታራሚው ሐዘኑን ራሱ ይናገራል። የማገናዘብ ጉዳት ግን ባለቤቱ አያውቀውም፤ ቢያውቀውም “ጤነኛ ነኝ” ይላል። ስለዚህ በመጠይቅ ብቻ አይያዝም፤ ሰውየው አንድ ነገር እንዲሠራ ተጠይቆ መታየት አለበት።

የመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ለጉዞ የሚወስደው ጊዜ በዚህ አይቆጠርም። እነዚህ ሰዓታት ለከባድ ጠጪ በሕክምናም ወሳኝ ናቸው። መጠጥ በድንገት ከተቋረጠ በስድስተኛው ሰዓት አካባቢ እጅ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ የሚጥል ሕመም የሚመስለው መንዘፍዘፍ በአብዛኛው በ48 ሰዓት ውስጥ ይመጣል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ዴሊሪየም ትሬመንስ የሚባለው ቅዠትና መምታታት ሊከተል፣ ሊገድልም ይችላል። የተያዘው ሰው ቃል በፖሊስ የሚመዘገበውም ብዙውን ጊዜ በእነዚሁ ቀናት ነው።

የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 27 ፖሊስ፣ በአንቀጽ 35 ደግሞ ፍርድ ቤት የተከሳሽን ቃል የሚቀበልበትን መንገድ ይደነግጋል፤ ቃሉ በፈቃድ የተሰጠ እንዲሆንም ይጠይቃል። ፈቃደኝነት ብቻውን ግን ለእውነተኛነቱ ዋስትና አይሆንም። የማስታወስ ችሎታው የተጎዳ ሰው በማግባባት የተነገረውን እንደ ራሱ ትዝታ ሊቀበለው ይችላል። የአይስላንዱ ተወላጅ ጊስሊ ጉድዮንሰን ይህን ተጋላጭነት የሚለካ መመዘኛ እ.ኤ.አ. በ1984 አውጥቷል። ክፍተቱን በፈጠራ ታሪክ የሚሞላው የኮርሳኮፍ ሕመምተኛ “አዎ፣ እኔ ነኝ” ሲል መርማሪው ሥራው ያለቀለት ይመስለዋል።

በፍርድ ቤትና በማረሚያ ቤት

ጉዳት አለ ማለት ጥፋት የለም ማለት አይደለም፤ ሕጉም እንዲህ አይልም። አንቀጽ 48 የድርጊቱን ምንነት መረዳት ወይም ራሱን መምራት ፈጽሞ ያልቻለውን ሰው ከኃላፊነት ነጻ ያደርጋል። አንቀጽ 49 አቅሙ በከፊል የተጓደለው ቅጣቱ እንዲቀልለት ይፈቅዳል። አንቀጽ 50 በተቃራኒው ወንጀል ለመሥራት ብሎ ራሱን ያሰከረ ሰው በስካሩ እንዳያመልጥ ይከለክላል። ስለዚህ የዚያች ሌሊት ስካርና የዓመታት ጉዳት በሕጉ ዘንድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ችሎት ላይ ግን ሁለቱም “ጠጥቶ ነው” በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይደባለቃሉ። ከአንቀጽ 129 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች ፍርድ ቤቱ ሕክምና ወይም በተቋም መጠበቅ እንዲያዝ ሥልጣን ሰጥተውታል። የሱስ ማገገሚያ ተቋማት ግን ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም በአብዛኛው አዲስ አበባ ውስጥ ናቸው። የአዲስ አበባው የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል የምርመራ ወረፋ ከሉማሜ ለሚሄድ ቤተሰብ የቀናት ጉዞና የማደሪያ ወጪ ይጠይቃል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ የጀመረው ግጭት ደግሞ መንገዱንም አገልግሎቱንም ይበልጥ አክብዶታል።

ማረሚያ ቤት ለዚህ ሕመምተኛ ሁለት መልክ አለው። በአንድ በኩል ከመጠጥ ያርቀዋል፤ አንጎሉ የሚያገግምበት ጊዜ ያገኛል። በሌላ በኩል ኑሮው ራሱ አእምሮን ያደክማል። በአምስተርዳም 37 እስረኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በሦስት ወር ውስጥ ራስን የመግዛት ችሎታቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ግን መጨናነቅ፣ ሥራ ማጣትና ምርጫ የሌለበት ቀን ለማንም አንጎል እንደማይበጁ ከሚታወቀው ጋር ይስማማል።

ታራሚው የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ ሲጨርስ በአመክሮ ሊወጣ ይችላል፤ መልካም ጠባይ ማሳየት ግን አለበት። ደንብ የሚረሳ፣ ሲቆጡት ቶሎ የሚገነፍል፣ ወረፋ መጠበቅ የማይችል ሰው ይህን ፈተና ይወድቃል። ከወጣም በኋላ የተነገረው ግዴታ ብዙ ከሆነ ይምታታበታል። ቅጣቱ የረዘመው ባጠፋው ጥፋት መጠን ይሁን ባልታወቀለት ጉዳት፣ መዝገቡ አይናገርም።

እርሳስ ላልያዘ እጅ የሚሆን መመዘኛ

በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት አጭር መመዘኛ ዚያድ ናስረዲን እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው የሞንትሪያል መመዘኛ ነው። ከ30 ነጥብ ይታረማል፤ ከ26 በታች ሲሆን ተጨማሪ ምርመራ ያሻል። በኔዘርላንድስ የሱስ ሕክምና ማዕከላት ሲሞከር ከሕመምተኞቹ ሲሶ ያህሉ ጉዳት እንዳለባቸው አመልክቷል። ይህን መመዘኛ እንዳለ ወደ ሉማሜ ማምጣት ግን ያሳስታል። ኪዩብ እይ፣ ገልብጠህ ሣል የሚለው ጥያቄ እርሳስ ይዞ ለማያውቅ ገበሬ የአእምሮ ፈተና አይሆንም። ሰዓት ሥሎ 11 ሰዓት ከ10 እንዲያመለክት የተጠየቀ ሰው በእኛ አቆጣጠር በትክክል ቢሠራው አጭሩን ዘንግ 5 ላይ ያደርጋል፤ በመመዘኛው ግን ስህተት ነው። ቀኑን ሲጠየቅ “ዛሬ ሚካኤል ነው” ያለ ሰው ቀኑ የወሩ 12 መሆኑን በሚገባ ያውቃል።

ከአፍሪካ የመጣ ሌላ መንገድ አለ። በታንዛኒያና በናይጄሪያ ለአረጋውያን የተዘጋጀው አይዲያ የተባለ መመዘኛ ማንበብና መጻፍ አይጠይቅም፤ በሥዕል ፈንታ የክብሪት እንጨቶችን በታየው ቅርጽ መደርደር ይገኝበታል። የተሠራው ለእርጅና መርሳት ስለሆነ ለወጣት ጠጪ ሲውል ራስን የመግታትና የማቀድ ጥያቄዎች ሊጨመሩበት፣ ውጤቱም በጤነኛ የአካባቢው ሰዎች ሊፈተሽ ይገባል። ይህ ለደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲና ለሆስፒታሉ ከአቅም በላይ ያልሆነ ሥራ ነው።

ምን ይረዳል?

የመጀመሪያው እርዳታ ርካሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአጠቃላይ ጤና ባለሙያዎች ያዘጋጀው መመሪያ፣ መጠጥ ላቋረጠ ከባድ ጠጪ ታያሚን በቀን 100 ሚሊ ግራም ለአምስት ቀን እንዲሰጥ፣ መንዘፍዘፉን ለመከላከልም ዳያዜፓም እንዲታዘዝ ይመክራል። ኢትዮጵያ መመሪያውን ከ2002 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ስትሞክረው ቆይታለች። የጎደለው ከፖሊስ ጣቢያው ወደ ጤና ተቋሙ የሚያደርስ ልማድ ነው። እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልበው፣ ያልተያያዘ ነገር የሚናገር እስረኛ ሲታይ ነርስ መጥራት የወረዳ ፖሊስ በግማሽ ቀን ሥልጠና ሊይዘው የሚችል ነገር ነው።

ሁለተኛው የአነጋገር ለውጥ ነው። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ለሱስ ሕክምና ተቋማት የማገናዘብ ጉዳትን የሚለዩበትና ሕክምናውን በዚያው ልክ የሚያስተካክሉበትን መርሐ ግብር አዘጋጅቷል። መሠረቱ ቀላል ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር መንገር፣ አጭር መናገር፣ የተነገረውን ሰውየው በራሱ አፍ እንዲደግመው ማድረግ፣ ቀጠሮን ከታወቀ ቀን ጋር ማያያዝ፣ ቤተሰብ ማስገባት። “የሚመጣው ገብርኤል ጠዋት ና፤ እኅትህም ታምጣህ” የሚል ቀጠሮ በወረቀት ከተጻፈ ቀን ይልቅ ይያዛል። የአመክሮ ግዴታም በዚሁ መልክ ሊነገር ይችላል።

ሦስተኛው ሕዝቡ ዘንድ ያለውን መጠቀም ነው። ጸበል ቦታ የሚከርም ጠጪ ለሳምንታት ከመጠጥ ይርቃል፤ ይህ ዕረፍት ለአንጎሉ ይጠቅመዋል። አደጋው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ነው፤ በተለይ ከጾም ጋር ሲገጥም የታያሚን እጥረቱን ያብሳል። ከጤና ጣቢያ ቫይታሚኑን ይዞ ወደ ጸበሉ መሄድ እምነቱን አይነካም። በሽምግልና የሚያስታርቁ ሽማግሌዎችም አጥፊውን “ዳግመኛ አልጠጣም” ብሎ እንዲምል ያደርጋሉ። ራሱን መግታት የተሳነው ሰው ይህን መሐላ ማፍረሱ አይቀርም፤ ሲያፈርስም ዕርቁ ይፈርሳል፣ ደም ሊመለስ ይችላል። መሐላው ከተጠሪ ዘመድ፣ ከአረቄ ቤት በራቀ ሥራና ከሕክምና ቀጠሮ ጋር ቢታሰር የመጽናት ዕድሉ ይሰፋል።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጀመር አይቻልም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ግልጽ ነው። ታያሚኑና የፖሊስ ሥልጠናው ጥናት አይጠብቁም፤ ነገ ሊጀመሩ ይችላሉ። ያለ ንባብ የሚሠራ መመዘኛ በአማርኛ ተዘጋጅቶ በደብረ ማርቆስ ማረሚያ ቤት በሚገቡ ታራሚዎች ላይ መሞከሩ የአንድና የሁለት ዓመት ሥራ ነው፤ የአልኮል፣ የጭንቅላት ምትና የትምህርት ታሪክ አብረው ካልተጠየቁ ግን ውጤቱ አይተረጎምም። ለፍርድ ቤት ማስረጃ የሚሰጥ ባለሙያ በየዞኑ ማፍራት ከሁሉም ረጅሙ ነው። እስከዚያው ድረስ የዞኑ ዳኞች አንቀጽ 51ን በጠሩ ቁጥር፣ የሚልኩት ሰው ስንት ዓመት እንደጠጣ፣ ጭንቅላቱን ተመቶ ራሱን ስቶ ያውቅ እንደሆነና የተነገረውን ይዞ መመለስ ይችል እንደሆነ በማዘዣው ላይ ቢጽፉ፣ ሐኪሙ “ጤነኛ ነው” ወይም “ሕመምተኛ ነው” ከሚል አንድ መስመር የተሻለ መልስ ለመስጠት መነሻ ያገኛል።